የአዞ ሐረጉን ልክ ለጠየቀችኝ እህቴ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ታናሽ እህቴ ለስርጉት፤

ክረምቱ እንዴት ወጣላችሁ? የደባት ውርጭ ዘንድሮስ እንዴት ይዟችኋል? ራስሽን የሚያዞርሽ ነገር ቀለል አለልሽ? ዓይንሽስ ጢስ ሲያገኘው ማልቀሱን ተወ? ባለቤትሽ አቶ ስሜነህ ከጉልበታቸው በቀር ሌላው አካላቸው እንዴት ነው? እህል ይቀምሳሉ? እንቅልፍስ ይወስዳቸዋል? አገኘሽ ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ ለእናትሽ የምታነቢላት አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁና አንቺም እንደምን አለሽ? ልጅሽ ቢሆነኝ አደገ? የወተት ጥርሱን ነቀለ? ላሟስ በደህና ወለደች? አንድ በአንድ እየጠራሁ ስጠይቅ በየፊታችሁ የቆምኩ ያህል ይሰማኛል።

እኔ ፈጣሪ ይመስገንና አለሁ። ሰባ አራት ዓመት የሞላውን ሰው የሚያመው ያመኛል፤ ከዚያ አይበልጥም። ጠዋት ጠዋት ወገቤ እስኪላቀቅልኝ ድረስ በሬ ላይ እቀመጣለሁ፤ ከተነሣሁ በኋላ ግን የሚያስቀምጠኝ የለም። መተማ ዝናቡ ከሄደ ወዲህ እንደገና ግላለች። ከሃያ ዓመት በፊት መጥተሽ «እዚህ አገር ሰው ይኖራል ወይስ ይበስላል?» ያልሽውን መጂዳ እስከ ዛሬ ትስቅበታለች። መጂዳን ታስታውሻታለሽ፤ አጥር የምንጋራው፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል የምትሸጠው ጎረቤቴ ናት።

ሰሊጡ ታጭዶ አልቋል፤ አሁን ጭነት ላይ ነው። ከማዶ ጦርነቱ ያባረራቸው ሰዎች ዛሬም ጓዛቸውን ተሸክመው በድልድዩ ይሻገራሉ፤ የመጂዳም ገበያ እንደ ድሮው አይደለም። ስልኩ እንደተቋረጠ ነው። መንገዱ አንድ ሳምንት ቢከፈት ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጎንደር የሚወጣ አንድ ሹፌር ነገ ጠዋት እንደሚነሣ ነግሮኛልና ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ መጨረስ አለብኝ። ከጎንደር ወደ ደባት የሚሄድ ታማኝ ሰው ፈልጎ እንዲያደርስልኝ አስምዬዋለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከትናንት በስቲያ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የአቶ ስሜነህ ግራ ጉልበት ካበጠ ሁለት ወር እንዳለፈው፣ ከቤተ ክርስቲያን እንኳ እንዳስቀራቸው፣ የእናታችን የአዞ ሐረግ አጥሩን ሁሉ ሸፍኖ ሳለ ዝም ብሎ ማየቱ ሞኝነት እንደመሰለሽ ጽፈሻል። «እናታችን መድኃኒቱን የነገረችው ለበኩር ልጇ ነውና ልኩ ያለው ከአንቺ ዘንድ ነው። ስንት ቅጠል ይወቀጣል? ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? ላኪልኝ፤ በኅዳር ጽዮን ማርያም እንጀምራለን» ብለሻል። ኅዳር ጽዮን ዛሬ አሥራ ሦስት ቀን ቀርቷታል።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከመናገሬ በፊት መልሴ ይኸው። አታድርጉት። ልኩን አልልክልሽም፤ ልክ የለውም። ይህ ወረቀት ሳይደርስ ጀምራችሁ ከሆነም አሁኑኑ አንሡት፤ ቆዳቸውንም በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። አቶ ስሜነህን በበቅሎም ይሁን በሰው ትከሻ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ቀጥሎ ያለውን ባትሰሙት እንኳ ይህን ከፈጸማችሁ ደብዳቤው ሥራውን ሠርቷል። እኔ ግን ቀጥሎ ያለውን እንድትሰሚው እፈልጋለሁ።

ሐረጉን ስለጠላሁት አይደለም። ከአንቺ ባላንስ እወደዋለሁ። በወንዛችን ዳር ቀጋውንና ወይራውን አልብሶ ሲወጣ፣ ከመስከረም በኋላ ነጭ አበባው ከሩቅ የተሰጣ ነጠላ ሲመስል፣ ኅዳር ሲገባ ደግሞ አበባው ረግፎ ፍሬው እንደ ተባዘተ ጥጥ ሲሆን ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ግንዱን ጎትተን ነዶ እናስርበት ነበር። ንብ አበባውን ታዘወትረው ነበር። ፍየል ግን ቅጠሉን አትቀምሰውም፤ በራብ ወራት እንኳ አልፋው ትሄዳለች። ይህን ሁላችንም አይተናል፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አንዳችንም አልጠየቅንም።

በ፲፱፻፷፮ ዓ.ም. በመምህርነት ወደዚህ ስመደብ ከእናታችን አጥር ሥሩን ቆፍሬ በወተት ዱቄት ጣሳ ከነአፈሩ ይዤው መጣሁ። በመኪና ላይ ሦስት ቀን በጭኔ መሐል ይዤው ነበር። በወሩ ደረቀ። ደጋ በሄድኩ ቁጥር አዲስ ባመጣም ሁለት ጊዜ ደግሞ ደረቀብኝ። የአገሩ ሰው «ኡስታዛ፣ የደጋ ነገር እዚህ አይበቅልም፤ እርስዎም የበቀሉት በግትርነትዎ ነው» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ኡስታዛ የሚሉት መምህርት ማለታቸው ነው፤ ከሱዳን የወረሱት ቃል ነው። በአራተኛው ነገሩ ገባኝ። ሐረጉ የሚጠላው ፀሐይን ሳይሆን የሚግል አፈርን ኖሯል። እዚህ ዚር የሚሉት ትልቅ የውሃ ጋን አለ፤ ውሃው በጎኑ እያላበ ሲንጠባጠብ ይውላል። ከዚሩ ሥር ተከልኩት፤ ሥሩን በጠፍጣፋ ድንጋይ ሸፈንኩለት። ሥሩ ከቀዘቀዘለት በኋላ ራሱ ሙቀቱን ንቆ የኒሙን ዛፍ ወጣው። አሁን ከመጂዳ ግቢ ሳይቀር አበባው ይታያል።

ተማሪዎቼንም ወደ ግቢዬ እያመጣሁ አሳያቸው ነበር። ሌላው ተንጠልጣይ ተክል ለመያዣ የተለየ ጅማት ያወጣል። የአዞ ሐረግ ግን እንዲህ ያለ ጅማት የለውም፤ የቅጠሉ ዘንግ ራሱ ይጠመዘዝና ያገኘውን አንቆ ይይዛል፤ ከያዘ ደግሞ አይለቅም። «አይታችሁ ጻፉ፤ ያላያችሁትን አትጻፉ» እላቸው ነበር።

ለመድኃኒት ግን አንድም ቀን አልቆረጥኩትም። ሰው ሲለምነኝ «መድኃኒቱ የደጋው ነው፤ ይህኛው ለጌጥ ነው» እል ነበር። ውሸት ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የዋሸሁበት ምክንያት ነበረኝ።

ዘንድሮ ግን እጄ ተፈታ። መጂዳ ሩፊዳ የምትባል የስምንት ዓመት የልጅ ልጅ አለቻት። ይህች ልጅ በመስከረም መጨረሻ ከሰሊጥ እርሻ ስትመለስ ባቷን እሾህ ወግቷት ኖሮ አበጠ። ጤና ጣቢያው ወባ በያዛቸው የቀን ሠራተኞች ተጨናንቆ ነበርና ሁለት ቀን ሄደው ወረፋ ሳይደርሳቸው ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን መጂዳ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። «ኡስታዛ፣ እናትዎ በዚህ ሐረግ እብጠት ያፈርጡ ነበር ብለው የነገሩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ልጄ ስታቃስት ግን ለጌጥ ነው ይሉኛል። ለኒሙ ዛፍ ያላበሱትን ለእሷ ቢነፍጓት አላህ ይጠይቅዎታል» አለችኝ።

እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር፣ ያሸነፈችኝ መጂዳ ብቻ አይደለችም። ልኩን ጠብቄ አንዲት ልጅ ባድን የድሮው በደሌ ይሰረይልኛል የሚል ሐሳብ ነበረኝ። ይህን ሐሳብ ለማንም አልተናገርኩትም።

ሰባት ቅጠል ቀጥፌ አጠብኩ። በእንጨት ሙቀጫ ወቅጬ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አደረግሁት። እናታችን ያስተማረችኝ ልክ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ነው፤ ጸሎቱ ሲያልቅ ቅጠሉ ይነሣል። እኔ በጸሎቱ ብቻ አላመንኩም። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ትቶልኝ የሄደውን የእጅ ሰዓት አወጣሁ፤ አስቀድሜ ለብቻዬ ደግሜ ስለካው አርባ ሰከንድ ሆነ። ቅጠሉን በሩፊዳ ባት ላይ አደረግሁ፤ ዓይኔን ከሰዓቱ ሳልነቅል አርባ ሲሞላ አነሣሁት። አንድ ሰከንድ አላሳለፍኩም። ልጅቱ «ያሳክከኛል እማማ» ብላ ሳቀች። እኔም ከስድሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለል አለኝ።

በማግሥቱ ማለዳ ባቷ ውሃ ቋጥሮ እንደ ሎሚ አብጦ ነበር።

መጂዳ በእጇ አቅፋት በሬ ላይ ቆመች። «ፍየል አፏን የማታስነካውን ቅጠል በልጄ ሥጋ ላይ! ወላሂ እኔም ከፍየል አነስኩ» አለች። ባጃጅ ስንሳፈር «ዛሬ አላናግርዎትም። ነገ ግን እናገርዎታለሁ፤ ይዘጋጁ» አለችኝ። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ነን።

ጤና ጣቢያ የተቀበለን ነርስ ማዕረግ የሚባል ነው፤ አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁን ፀጉሩ ሸብቷል። ቁስሉን ካጠበና ከሸፈነ በኋላ ወደ ጎን ወሰደኝ። «መምህርት፣ ያላያችሁትን አትጻፉ ይሉን የነበሩት እርስዎ አይደሉም? ይህ ልክ ሰው ሲያድን በዓይንዎ አይተዋል?» ሲል ጠየቀኝ። እናታችን ስታደርገው አይቻለሁ፤ ሰዎቹ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ምን እንደሆኑ ግን አላየሁም። አላየሁም አልኩት። ሰዓት ይዤ እንደለካሁም ነገርኩት፤ እንደ ማመካኛ ነበር። «ሰዓት መያዝዎ ደግ ነው፤ ቅጠሉ ግን ሰዓት አያነብም» አለኝ። የሐረጉ ጭማቂ እርጥብ ሳለ ቆዳ የሚልጥ መሆኑን፣ ቅጠሉ ቢነሣም ጭማቂው በላብና በሙቀት እየሠራ እንደሚያድር፣ የአንዱን ሰው ቆዳ ሳይነካ የሌላውን ሊበላ እንደሚችል አስረዳኝ። የድሮ ተማሪዬ እንዲህ ሲቆጣኝ ራሴን ዝቅ አድርጌ ሰማሁት።

ሩፊዳ በሦስት ሳምንት ዳነች። ጠባሳው የሁለት ጣት ስፋት አለው። ትሮጣለች፤ ትዘላለች። ለዚህ ፈጣሪን ሌት ተቀን አመሰግናለሁ።

መጂዳ ቃሏን ጠብቃ በማግሥቱ መጣች። መጀመሪያ ቆማ ተናገረችኝ፤ ሲደክማት ተቀምጣ የቀረውን ጨረሰችልኝ። ስለ ግትርነቴ፣ ስለ ሰዓቴ፣ ሰው በተናገረ ቁጥር ስለማርመው ነገር ሁሉ ሳይቀር አነሣች። ሁሉም እውነት ነበር። በመጨረሻ ግን አየችኝና «ኡስታዛ፣ ቅጠሉን እስኪያነሡት ዓይንዎን ከሰዓቱ ላይ አልነቀሉም። እንዲህ ያስፈራዎት የሩፊዳ ነገር ብቻ አይመስለኝም። ማንን ነው የሚያስቡት?» አለችኝ። ነገርኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ሰምታ ስትጨርስ አልፈረደችብኝም፤ አላጽናናችኝምም። «ይህን መስማት የሚገባኝ እኔ አይደለሁም፤ የነገሩ ባለቤት ናቸው» ብላ ተነሥታ ሄደች። እንዴት አድርጌ እንደምጽፍልሽ ሳወጣ ሳወርድ ወር ሆነኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በዚህ መካከል ነው።

አገኘሽ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ለእናትሽ ስታነቢ አትዝለዪ፤ ድምፅሽንም አትቀንሺ። አባትሽም ይስሙ።

ስርጉት፣ አንቺ እሳት ውስጥ አልወደቅሽም።

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። አንቺ አራት ዓመትሽ ነበር፤ እኔ አሥራ ሁለት። ከቀኝ ጉልበትሽ በስተኋላ እባጭ ወጥቶብሽ ነበር። እናታችን ቅጠሉን ወቅጣ አደረገችልሽ፤ ወዲያው ጎረቤት ምጥ ይዟታል ተብላ ተጠራች። እጄን ይዛ በጨርቁ ላይ አስቀመጠችና «አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚና አንሺው፤ እንዳትጨምሪ» ብላኝ ሮጠች።

በዚያ ሰሞን ውዳሴ ማርያምን በቃሌ ጨርሼ ነበር። የኔታ በወንዶቹ ሁሉ ፊት አመስግነውኛል፤ ልቤ አብጧል። አቡነ ዘበሰማያትን ማንም ሕፃን ያውቀዋል፤ አጭር ጸሎት እንዲህ ካዳነ ረጅሙ አብልጦ ያድናል ብዬ አሰብኩ። አንቺን ለመጉዳት አልነበረም፤ ከእናታችን በልጬ ላድንሽ ነበር። የሰኞውን ውዳሴ ማርያም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገምኩልሽ። ገና ከጅምሩ አለቀስሽ። ጸሎት አይቋረጥም ብዬ እጄን አላነሣሁም። «ዝም በይ፣ እመቤታችን ትቀየምሻለች» አልኩሽ። ስትጮኺ በግራ እጄ አፍሽን ያዝኩ። አንድም ቃል ሳልገድፍ ጨረስኩ።

እናታችን ስትመለስ ጨርቁን ስታነሣው ቆዳሽ አብሮ ተነሣ። አልመታችኝም፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። «ምድጃ ውስጥ ወደቀች፤ እንዲህ ነው የምንለው። ይህ ከእኔና ከአንቺ አይወጣም» አለች። ይህን ያለችው እኔን ከአባታችን ጅራፍ ለማዳን ይሁን የሐረጉን ስም ለመጠበቅ፣ ስድሳ ሁለት ዓመት አስቤ አልደረስኩበትም። ሰው ማከሟን አልተወችም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቅጠሉን በሌላ ሰው እጅ ትታ ወጥታ አታውቅም።

ቀሪውን አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። ቁስሉ ሲድን ጅማቱ ተኮማተረ፤ እግርሽን መዘርጋት አቃተሽ፤ በጣትሽ እየረገጥሽ አደግሽ። ትምህርት ቤቱ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነበር። አባታችን እግርሽን አይቶ «ይህች እግር ይህን ዳገት አትወጣም፤ እናቷን ታግዝ» አለ። እኔ ዳገቱን ወጣሁ። ፊደሉን ለየሁ፤ ጎንደር ተማርኩ፤ መምህርት ተባልኩ። የሰውን ልጆች ሁሉ አስነብቤ የራሴን እህት ሳላስነብብ አረጀሁ። ዛሬ ይህን ደብዳቤ በልጅሽ አፍ የምትሰሚው በእኔ ምክንያት ነው። እስከ ዛሬም ከእሳት ራቅ ብለሽ እንደምትቀመጪ አይቻለሁ፤ በብርድ ወራት እንኳ ወንበርሽን ወደ በሩ ታስጠጊያለሽ። እሳት ምንም አላደረገሽም፤ ያቃጠልኩሽ እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ካላልኩ ኑዛዜዬ ግማሽ ነው። ማዕረግ ቅጠሉ በትክክለኛው ልክም እንደሚያቃጥል ሲነግረኝ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። እንግዲያ በአንድ አቡነ ዘበሰማያት ባነሣውም መቃጠልሽ አይቀርም ነበር፣ ጥፋቱ የሐረጉ ነው፣ ወይም ቅጠሉን ያደረገችው የእናታችን ነው ብዬ ነበር። በባጃጁ እስክንመለስ ድረስ በዚህ ተጽናናሁ። ቤቴ ስገባ አፈርኩ። ሩፊዳ አርባ ሰከንድ ተቃጠለች፤ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። አንቺ ግን ዕድሜሽን ሁሉ ፈጀብሽ። በሁለታችሁ መካከል ያለው ልዩነት የሐረጉም የእናታችንም አይደለም፤ የእኔ ነው። ሩፊዳ ብታለቅስ ኖሮ እጄን አነሣ ነበር። አንቺ አልቅሰሽልኛል፤ አላነሣሁም።

የአቶ ስሜነህን ነገር እንዳትረሱብኝ ደግሜ እጽፋለሁ። እሳቸው ሰባውን አልፈዋል፤ ያረጀ ቆዳ እንደ ሕፃን ቆዳ ስስ ነው፤ ቁስል ከያዘም ቶሎ አይድንም። ሁለት ወር ያበጠ ጉልበት መመርመር አለበት። «ቅጠል አይጎዳም» የሚል ሰው ቢመጣ ይህን ደብዳቤ አንብቡለት፤ ያለ ኀፍረት ስሜን ጥሩ። ለአንድ ጉልበት ማዳኛ የአንዲት አሮጊት ስም ቢጎድፍ ትንሽ ነገር ነው።

ሐረጉን ግን ተናድዳችሁ እንዳትነቅሉት። እሱ መድኃኒት ነኝ አላለም፤ ያልነው እኛ ነን። በአጥሩ ላይ ይኑር፤ ንቦቹም ይጠቀሙበት። በጣም ሲበዛ በመጋዝ እንጂ በእጅ እየበጣጠሳችሁ አትጎትቱት፤ ስትቆርጡም እጃችሁን በጨርቅ ጠቅልሉ፤ ቢሆነኝ ትኩሱን ቅጠል እንዳይጨምቅ ንገሩት። የእኔም ከዚሩ ሥር አለ። መጂዳ ልትቆርጠው ገጀራ ይዛ መጥታ ነበር፤ አበባው ላይ ስለነበር አሳዘናትና ገጀራውን ይዛ ተመለሰች። «በእንግድነት ይቀመጥ፤ ሐኪም ነኝ ካለ ግን እኔው ነኝ የምቆርጠው» ብላለች።

እናታችንን በእኔ ምክንያት አታማርሪያት። እኔን ግን እንደ ልብሽ አድርጊኝ። ይቅር በይኝ ብዬ እለምንሻለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ይቅርታ እንድታደርጊልኝ አልጠብቅም። ስድሳ ሁለት ዓመት ያስቀመጥኩብሽን ነገር አንቺም የፈለግሽውን ያህል ልታስቀምጪው መብትሽ ነው። መንገዱ ሲከፈት ነይልኝ ካልሽኝ እመጣለሁ፤ አትምጪ ካልሽኝም ቃልሽን አከብራለሁ።

አቶ ስሜነህን ጉልበታቸውን ሳላይ በሩቁ እጅ እነሣለሁ በዪልኝ፤ ከዚህ ቀደም የእህቴን ሸክም አብረው ስለተሸከሙ አመሰግናቸዋለሁ። ቢሆነኝን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ትምህርት ቤት ከሄደ የሚማረውን አያቱም እንድትሰማ ማታ ማታ ጮክ ብሎ ያንብብ። መጂዳ ሰላም ብላችኋለች፤ «እዚህ የምንበስለው ሁላችንም ነን፤ ይምጡና ይቁላሉ» ብላለች። ሩፊዳ የሐረጉን ጥጥ የመሰለ ፍሬ ለቅማ በዚህ ወረቀት ውስጥ ለቢሆነኝ ልካለታለች፤ የደረቀ ስለሆነ አይጎዳውም፤ ማዕረግን ጠይቄ ነው ያስገባሁት። ለአገኘሽ ሰላምታዬ ከሁሉም የከበደ ነው፤ ይህን በአፏ እንድታወጣው ስለፈረድኩባት።

አገኘሽ ልጄ፣ ንባቡን ስትጨርሺ ወረቀቱን ከማጠፍሽ በፊት እናትሽን ተመልከቺያት። የምትናገረውን የመጀመሪያ ቃል፣ እርግማንም ቢሆን፣ ሳታለዝቢ ጻፊልኝ። ዝም ካለችም «ዝም አለች» ብለሽ ጻፊ።

እህትሽ አሰበች

መተማ ዮሐንስ
ኅዳር ፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.